ሦስት ልብ ወለዶችና የልጃችን ዝምታ



ይህችን ጽሑፍ የላክንላችሁ በደሴ ከተማ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ደራሲዎች አይደለንም፤ መጽሐፍ የመተቸት ሙያም የለንም። አባትየው ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ እናትየዋ ልጆች ታሳድጋለች። ብዕር እንድናነሳ ያደረገን ባለፈው ክረምት ወደ ቤታችን የገቡ ሦስት የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ናቸው። አንደኛው የፍቅር፣ ሁለተኛው የታሪክ፣ ሦስተኛው ደግሞ የጂንና የምትሃት ነው። ወደድናቸው፤ ነቀፍናቸውም። ከሁሉ በላይ ግን ሃያ ዓመት አብረናት ኖረን በቅጡ የማናውቃትን ልጃችንን አሳወቁን። የደረሰብንን ብንነግራችሁ ለአንዳንድ ወላጅ ይጠቅም ይሆናል ብለን አሰብን።

መጻሕፍቱ እንዴት ገቡ?

የአባትየው ታናሽ እህት በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ለዒድ መጥታ ከእኛ ዘንድ ስትሰነብት ለትልቋ ልጃችን ሦስት መጻሕፍት ይዛላት መጣች። ልጃችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ያን ጊዜ ለእረፍት ቤት ነበረች። ስለ ምን እንደሚያወሩ ስንጠይቃት አንደኛው የፍቅር ታሪክ መሆኑን፣ ሌላኛው ስለ አንዲት የባሕር ወንበዴ ሴት መሆኑን ሳትደብቅ ነገረችን። እኛም የሦስተኛውን ሳንጠይቅ ሦስቱንም ሰብስበን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍናቸው።

ለምን? ልብ ወለድ ውሸት ነው፣ የፍቅር ልብ ወለድ የወጣት ልብ ያሸፍታል፣ ከቁርኣንና ከትምህርት ያዘናጋል የሚለውን ምክር ስንሰማ ስላደግን ነው። በዚህ ላይ በዚያው ሰሞን ለልጃችን ሽማግሌ ተልኮልን ነበር። ጠያቂው ከታወቀ ቤተሰብ የተወለደ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ በጅዳ ከተማ ሥራ ያለው ወጣት ነው። እኛ ደስ አለን። ልጃችንን ጠርተን ጠየቅናት። አንገቷን ደፋች፤ አልመለሰችም። ያላገባች ልጅ ፈቃዷ ዝምታዋ እንደሆነ ከሐዲስ ሰምተናልና «አልሐምዱሊላህ፣ ፈቅዳለች» ብለን ለሽማግሌዎቹ መልካም ቃል ላክን። እንዲህ ባለ ጊዜ የፍቅር ልብ ወለድ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ያልነው ይህን ነበር።

እህታችን ልትመለስ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ግን አንድ ነገር ተናገረች። «ወንድሜ፣ ሳታነቡት ነው የፈረዳችሁበት። እኔ እንግዳ ነኝ፤ በቤታችሁ አላዝዝም። ግን ልጅቷ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። መጥፎ ሆኖ ካገኛችሁት ያን ጊዜ ትጥሉታላችሁ» አለች።

ይህ ቃሏ እናትየዋን የራሷን ልጅነት አስታወሳት። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ጎረቤት ቤት ሄዳ ትሰማ ነበር። ለሰብለ ወንጌል ያላለቀሰ የሰፈር ልጅ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያ መጽሐፍ የሚነግረን በዘር ኩራት ጠያቂዎቿን ሁሉ ስለሚመልስና ልጁን ያለ ትዳር ስለሚያስቀር አባት አይደለምን? አባትየውም ቢሆን ሱቅ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በሁለት ቀን እንደጨረሰ አመነ። እኛ ያነበብነውንና የሰማነውን ለልጃችን ስንከለክል ትንሽ አፈርን።

ስለዚህ ተስማማን። ማታ ማታ፣ ከዒሻእ ሶላት በኋላ፣ ልጃችን እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ ታነብልናለች። የአባትየው እናትም፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጃችንም ይሰማሉ። መጽሐፉ ከቁም ሣጥን ወጥቶ በሁሉም ፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ስምምነታችን ይህ ነበር።

አንደኛው፦ የፍቅሩ

የመጀመሪያው «አዒሻ አት ላስት» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «በመጨረሻ አዒሻ» እንደማለት ነው። ደራሲዋ ኡዝማ ጀላሉዲን የካናዳ ሙስሊም ስትሆን መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። መነሻ ያደረገችው እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ያሳተመችውን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» የተባለ ልብ ወለድ ነው። ኩራትና አስቀድሞ መፍረድ ሁለት ሰዎችን እንዴት እንደሚያራርቅ የሚያሳየውን ያንን ታሪክ ወስዳ በቶሮንቶ ሙስሊሞች ሰፈርና መስጊድ ውስጥ አስቀመጠችው። እህታችን የምትኖርበት ከተማ ነውና አያታቸው በየመሐሉ «ይህ ሰፈር እሷ ያለችበት ነው?» ትል ነበር።

አዒሻ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ልቧ ግጥም ውስጥ ነው፤ ነገር ግን የሀብታም አጎቷ ዕዳ ስላለባት በተተኪ መምህርነት ትሠራለች። ኻሊድ ደግሞ ጺሙን ያሳደገ፣ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሶ ቢሮ የሚገባ ወጣት ነው። እሷ እሱን ስታየው ደረቅና ሰው የሚንቅ ይመስላታል። እሱም እሷን ሲያይ ዲኗን የዘነጋች ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። አንዱ ሌላውን በልብሱና በአንድ ቀን ንግግሩ መዝኖ ፈረደ።

በዚህ መጽሐፍ ከሁሉ የወደድነው ኻሊድን ነው። ባነበብናቸውና በፊልም ባየናቸው ታሪኮች ጺም ያለው ሙስሊም ሰው ሲመጣ ወይ ክፉ ነው፣ ወይ መሳቂያ ነው። እዚህ ግን የሚወደደው እሱ ነው፤ የሚወደደውም ጺሙን ተላጭቶ ሌላ ሰው በመሆን አይደለም። በሥራ ቦታው አለቃው በአለባበሱ የተነሳ ስታጠቃው የሚያሳየውን ትዕግሥት የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጃችን አፉን ከፍቶ ሰማ። አንድ ልጅ እንደ አባቱ የለበሰ ሰው የታሪክ ጀግና ሆኖ ሲያይ ቀና ብሎ ይቀመጣል። እኛ በዓይናችን አይተናል።

የነቀፍነውም አለ። አዒሻ በአጎቷ ልጅ በሐፍሳ ስም ተጠርታ የምትቆይበት ክፍል ከልክ በላይ ረዘመብን፤ አንድ ቃል ብትናገር የሚፈታ ነገር ነው። ክፉው ሰው ደግሞ ገና ሲገባ ክፋቱ ያስታውቃል። አባትየው «ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ማንም ዱቤ አይሰጠውም» አለ። ሁሉም ነገር በመጨረሻ ገጾች ላይ መገጣጠሙም እውነተኛውን ኑሮ አይመስልም።

ንባቡ ወደ መሐል ሲደርስ ግን አንድ ነገር ሆነ። ኻሊድ ሚስቱን እናቱ እንደምትመርጥለት፣ ፍቅርም ከኒካህ በኋላ እንደሚመጣ ያምናል። እናቱም ሐፍሳን አጨችለት። ታላቅ እህቱ ደግሞ ጥፋት ተገኝቶባታል ተብላ ከዓመታት በፊት ወደ ሕንድ ተልካ ተድራለች፤ ቤቱ ውስጥ ስሟ አይነሳም። ልጃችን ስለዚህች እህት ስታነብ ድምፅዋ ተቆረጠ። ገጹን ለመግለጥ እጇን ዘረጋች፤ አልገለጠችውም።

ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ አያቷ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ አንቺስ? ይህን የጅዳውን ልጅ ትፈልጊዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እኛ ይህን ጥያቄ እንዲህ ቀስ ብለን ጠይቀናት አናውቅም ነበር። የጠየቅናት ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው፣ ቡናው ተፈልቶ፣ በችኮላ ነበር።

«አልፈልገውም» አለች። ከዚያም እያለቀሰች «መጥፎ ሰው ነው አላልኩም። አላውቀውም። ትምህርቴም አላለቀም። እናንተ በጣም ደስ ብሏችሁ ስላየኋችሁ ደስታችሁን ማበላሸት ፈራሁ» አለችን።

ዝምታው ምን ነበር?

ያን ሌሊት አልተኛንም። ፈቃድ ነው ብለን የላክነው ቃል ፍርሃት ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ከሱብሕ ሶላት በኋላ የሰፈራችንን ሸይኽ አነጋገርናቸው። ያላገባች ልጅ ዝምታ እንደ ፈቃድ የተቆጠረው «እሺ» ለማለት ሐያእ ስለሚይዛት እንጂ የልቧ ጉዳይ ስለማይጠቅም እንዳልሆነ አስረዱን። መከፋት ወይም ፍርሃት የሚታይበት ዝምታ ፈቃድ አይባልም፤ ወሊዩ ይህን የመለየት አማና አለበት አሉን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያለ ፈቃዷ በአባቷ የተዳረች ሴት ወደ እርሳቸው ስትመጣ ጋብቻውን ያፈረሱበትን ታሪክም አስታወሱን። ይህን ሐዲስ ከዚህ በፊት ሰምተነው እናውቃለን። በገዛ ልጃችን ላይ ግን አላሰብነውም።

ለሽማግሌዎቹ ቃላችንን መመለስ ከባድ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች ዘመን የቆዩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አዘኑ፤ ተዋረድን አሉ። «ልጃቸውን ልብ ወለድ አስኮበለላት» የሚል ወሬም ሰማን። ለወራት ያህል በሰላምታ ፋንታ ፊት ሲዞርብን ቆየ። ይህን የምንነግራችሁ ነገሩ በቀላሉ እንዳለፈ እንዳይመስላችሁ ነው። ዋጋ ከፍለንበታል። ነገር ግን የእኛ ዋጋ የጎረቤት ኩርፊያ ነው፤ ዝም ብንል ኖሮ ልጃችን የምትከፍለው ዕድሜዋን ነበር።

ሁለተኛው፦ የታሪኩ

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አያታቸው «ያ ንባብ ቀረ እንዴ?» ስትል ሁለተኛውን ጀመርን። «ሪቨር ስፒሪት» ይባላል፤ የወንዝ መንፈስ ማለት ነው። ደራሲዋ ሌይላ አቡለይላ እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ተወልዳ በኻርቱም ያደገች፣ ኋላም በስኮትላንድ የኖረች ሱዳናዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 የኬን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ያሸነፈችው እሷ ነበረች። ይህኛው መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሲሆን በሱዳን የማህዲ ዘመን ስለነበረው ጦርነት ይተርካል።

አኩዋኒ የተባለች የደቡብ ሱዳን ልጅ መንደሯን የባሪያ ፈንጋዮች ይወርሩታል። ወላጅ አልባ ከሆነው ትንሽ ወንድሟ ከቦል ጋር ትቀራለች። ከብዙ መከራ በኋላ እሷም ተሸጠች፤ ስሟም ዘምዘም ተባለ። ያሲን የተባለ ወጣት ነጋዴ ልጆቹን ለመርዳት ቃል ገብቶ ነበር። ኋላ ግን ንግዱን ትቶ ዒልም ሊፈልግ ወደ አል አዝሀር ይሄዳል። ሲመለስ አገሩ በሁለት ተከፍላ ያገኛታል። አንድ ወገን የኦቶማንና የግብፅ ግብር ያስመረረው ሕዝብ ሲሆን ሙሐመድ አሕመድን «የሚጠበቀው ማህዲ እሱ ነው» ብሎ ተከትሎታል። ሌላው ወገን እንደ ያሲን ያሉ፣ የግፉን መኖር የሚያምኑ፣ ነገር ግን የማህዲነቱን ጥያቄ በዒልም መዝነው የማይቀበሉ ዑለማኦች ናቸው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በጥር 1885 ኻርቱም ወድቃ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን ወደተገደለበት ቀን ያመራል።

ይህ መጽሐፍ ከባድ ነው። ተራኪው ብዙ ነው፤ አንድ ምዕራፍ በአንዱ አንደበት፣ ቀጣዩ በሌላው ይነገራል። ዘመኑም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። አያታቸው «አሁን የሚናገረው ማነው?» ብላ በየምሽቱ ትጠይቅ ነበር፤ እኛም በልባችን ያንኑ ስንጠይቅ ነበርና በመጠየቋ ደስ ይለን ነበር። የባርነቱን ክፍል መስማትም ያማል። ሙስሊም ሙስሊሙን ሲያስር፣ ሙስሊም ነጋዴ ሰው ሲሸጥ ደራሲዋ አልሸፈነችም። አባትየው መጀመሪያ «ገመናችንን ለምን ታወጣለች?» ብሎ ተቆጣ። ኋላ ግን ያሲን ለእውነት ብሎ ሲታሰር ስንሰማ ዳኝነቷ ገባን። ግፈኛውን ያሳየችን፣ በዚያው ዲን ቆሞ ግፉን የተቃወመውንም ልታሳየን ነው። በጭፍን ስሜት የሚከተልና በዒልም የሚቆም ሰው ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ለወጣት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ልብ ወለድ አልገጠመንም።

አኩዋኒ ወንድሟን ይዛ ከቃጠሎው ስትሸሽ ሲነበብ ትንሹ ልጃችን በድንገት «እኛም እንዲህ ነበር የወጣነው» አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቻችንን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ሸሽተን ነበር። ያን ጊዜ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ታላቅ እህቱ እጁን ይዛው በጨለማ መራመዷን፣ አንድ ጫማው መውለቁን፣ «እንዳልለቅህ» ትለው እንደነበር አንድ በአንድ ነገረን። ከተመለስን ወዲህ ስለዚያ ሌሊት አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም ነበር። ረስቶታል ብለን ደስ ብሎን ነበር የኖርነው። በዚያ ምሽት ሌላ ገጽ አልተነበበም፤ እሱ ሲናገር እኛ ሰማን።

ታሪኩ ለእኛ ሩቅ እንዳልሆነም ልብ አልን። የዚያ ጦርነት እሳት እስከ ጎንደርና መተማ ደርሷል፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛም መተማ ላይ የወደቁት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 ከማህዲው ተከታዮች ጋር ሲዋጉ ነው። በዚያው ዘመን እኛ ካለንበት አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዟል። የነገሥታቱን ስም በትምህርት ቤት ተምረናል። በዚያ ዘመን ልጅ አዝላ ወንዝ የተሻገረችውን የወሎ እናት ግን በልብ ወለድ አላገኘናትም። ሌይላ አቡለይላ ለሱዳን ያደረገችውን ለእኛ የሚያደርግ ብዕር እንመኛለን።

መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ በኻርቱም እንደገና ጦርነት ተነሣ፤ ሱዳናውያንም በመተማ በኩል ወደ አገራችን ተሰደዱ። ልጃችን የመጨረሻውን ገጽ ስትዘጋ አያታቸው እጇን ዘርግታ ለሱዳን ሕዝብ ዱዓ አደረገች፤ እኛም አሚን አልን።

ሦስተኛው፦ የባሕሩና የጂኑ

ሦስተኛውን የፈራነው ከሁሉ በላይ ነበር። «ዘ አድቬንቸርስ ኦቭ አሚና አል ሲራፊ» ይባላል። የጻፈችው ሻነን ቻክራቦርቲ እስልምናን የተቀበለች አሜሪካዊት ስትሆን የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከዚህ በፊት «ዘ ሲቲ ኦቭ ብራስ» ብላ የጀመረችው፣ ስለ ጂኖች ከተማ የሚተርክ ባለ ሦስት ክፍል ልብ ወለድ አላት።

አሚና በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ ስሟ የተፈራ የመርከብ አዛዥ ነበረች። አሁን ወንበዴነቱን ትታ፣ ከእናቷና ከትንሽ ልጇ ከመርጃና ጋር ተደብቃ ትኖራለች። አንዲት ሀብታም የዓደን ሴት ግን ታገኛትና የጠፋች የልጅ ልጇን እንድትፈልግላት በገንዘብም በማስፈራራትም ታስገድዳታለች። ልጅቷን የወሰዳት አስማት የሚያሳድድ የፈረንጅ ወታደር ነው ይባላል። አሚና የቀድሞ ጓደኞቿን ሰብስባ በመርከቧ ከዓደን እስከ ሶቆጥራ ደሴት ትሄዳለች።

እዚህ ላይ የቤታችን ሳቅ በዛ። ጂኑ ሲመጣ አያታቸው አልተገረመችም። «ይህማ እኛ ልጆች ሳለን ወንዝ ዳር የነበረው ነው» ብላ የራሷን ታሪክ ጀመረች፤ ልጃችንም መጽሐፉን አጥፋ ሰማቻት። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጃችን ከትምህርት ቤት አትላሱ ላይ ዓደንን፣ ሶቆጥራንና መቃዲሾን ፈልጎ በእርሳስ አከበበ። ከደሴ ተነስቶ ወደ አሰብ፣ ከአሰብ ማዶ ወደ የመን ያለው መንገድ የነጋዴ አያቶቻችን መንገድ መሆኑን ያን ጊዜ ነገርነው። ይህን ሁሉ አስቦ ጠይቆን አያውቅም ነበር።

ነቀፋችንም ቀላል አይደለም። አሚና በቀድሞ ሕይወቷ ጠጥታለች፣ ሰርቃለች፤ ባሎቿም ብዙ ናቸው፤ አንደኛው እንዲያውም ሰው ያልሆነ ፍጡር ነው። አንደበቷም አይገደብም። ልጃችን አንዳንድ ቦታ ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ይህን እዘለዋለሁ» ትል ነበር። አባትየው «ምን ይላል?» ሲል እናትየዋ «ተወው፣ ዘላዋለች እኮ» ትለው ነበር። ይህን መጽሐፍ ለትንሽ ልጅ ብቻውን አንሰጠውም። አስማቱና ጠንቋዩ የበዛበት ቦታም አለና ሲሕር በዲናችን ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ትልቅ ሰው አጠገብ ያስፈልጋል።

ሆኖም አንድ ነገር ልባችንን ነካው። አሚና ንጹሕ ሰው አይደለችም፤ ንጹሕ ነኝም አትልም። ትወድቃለች፣ ትጸጸታለች፣ ወደ ሶላቷ ትመለሳለች፣ እንደገና ትፈተናለች። ልጇን ትታ ባሕር ላይ ስትወጣ ጥፋተኛነት ይሰማታል፤ በባሕሩ ደስ ሲላት ደግሞ በደስታዋ ታፍራለች። እናትየዋ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ኋላ ስንጠይቃት «እናት የሆነች ሴት ሌላም ነገር ትወድ እንደነበር የሚጽፍ መጽሐፍ አይቼ አላውቅም» አለች። እሷ ወጣት ሳለች መምህር መሆን ትፈልግ ነበር።

እንግዲህ ምን እንበል?

ስለ ልብ ወለድ ፈትዋ የሚሰጡት ዑለማኦች ናቸው፤ እኛ አይደለንም። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣኑ የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ከታሪኮች ሁሉ እንዳላቀው እናውቃለን። በእርሱ ውስጥ የወንድማማች ቅናት፣ የአባት ኀዘን፣ የፍትወት ፈተና ሁሉ አለ። ያ የጌታችን እውነተኛ ቃል ነው፤ የሰው ድርሰት ከእርሱ ጋር አይወዳደርም። የሰው ልብ በታሪክ እንደሚማር ግን ከዚያ ይታያል። ሙስሊሞችም ይህን አልሸሹትም። የአንዳሉሱ ዓሊም ኢብኑ ጡፈይል በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ትልቁን ሐሳቡን ያስተማረው ሐይ ኢብኑ የቅዛን ብሎ በሰየመው፣ በደሴት ላይ ብቻውን ባደገ ልጅ ታሪክ ነው።

ወላጆች ሆይ! ሁሉም ልብ ወለድ መልካም ነው አላልንም። ከሦስቱ አንዱንም ሳንነቅፍ አላለፍንም። የምንላችሁ ይህን ነው፦ የቆለፋችሁበት መጽሐፍ በልጃችሁ ስልክ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያነበው ብቻውን ነው። አብራችሁ ስታነቡ ግን መጥፎው ቦታ ላይ «ይህ አይሆንም» ለማለት፣ መልካሙ ቦታ ላይ ለመመስገን፣ ከሁሉ በላይ የልጃችሁ ድምፅ የት ላይ እንደሚቆረጥ ለመስማት እዚያው ትገኛላችሁ። እኛ ልጃችንን ፊት ለፊት ስንጠይቃት ያልሰማነውን መልስ የሰማነው ስለ ሌላ ሰው ስታነብልን ነው።

ወጣቶች ሆይ! እናንተም መጽሐፉን ከትራስ ሥር አታኑሩት። ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። መጀመሪያ ይቆጡ ይሆናል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ግን «ከዚያስ?» ማለታቸው አይቀርም። እንግሊዝኛ ለማያውቁት መተርጎማችሁም ለቋንቋችሁ ይጠቅማል። ብዕር ያላችሁ ደግሞ ጻፉ። የመድረሳውን፣ የመርካቶውን፣ የሐጅ መንገዱን፣ ወደ ዓረብ አገር የሄደችውን እህታችሁን ታሪክ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪጽፍላችሁ አትጠብቁ።

ልጃችን አሁን ትምህርቷን በመቀጠል ላይ ናት። ስታገባ ኢንሻአላህ የምታገባው «እሺ» ብላ፣ በአንደበቷ ተናግራ ይሆናል። ጎረቤቶቻችንን በተመለከተ፣ ከዚያ በኋላ በመጣው ዒድ እናትየዋ ምግብ ይዛ በራቸውን አንኳኳች። የልጁ እናት ከፈተች፤ ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየቻትና «ግቢ» አለቻት። ሻይ ጠጥተው ብዙም ሳይነጋገሩ ተለያዩ። ልትወጣ ስትል ግን ሴትየዋ «ያ ማታ ማታ የምታነቡት ነገር አልቋል?» ብላ ጠየቀቻት። አላለቀም፤ አራተኛውን ልንጀምር ነው። በሚመጣው ሐሙስ ማታ እሷም ትመጣለች።

አላህ ቤቶቻችንን የመደማመጥ ቤቶች ያድርግልን፤ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።